ካዛንቺስ ምሳ የት ይበላል?

ጥያቄዬ የሆድ ጥያቄ ነበር። ቢሮዬ ካዛንቺስ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ምሳዬን የበላሁት ከሕንፃችን ጀርባ፣ አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ታፔላ የለውም። አራት አግዳሚ ወንበር፣ አልጋውን ከደንበኛ የሚከልል የአበባ መጋረጃ፣ ከጓሮ የሚገባ የምጣድ ጭስ። እትዬ እያልን የምንጠራቸው እናት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይሠራሉ። ዱቤም ይሰጣሉ። የዱቤ ደብተራቸው በሲባጎ ታስሮ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ስማችንን አያውቁትም፤ በምልክት ነው የሚጽፉን። አንዱ መነጽሩ ነው፣ ሌላዋ ባለ ቀይ ቦርሳዋ። እኔ ሽሮ ያለ ቃሪያ ነበርኩ።

በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ሲደርስ ቤቱ ፈረሰ። እኔ በዚያ ሳምንት ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበርኩ። ስመለስ ሜዳ ሆኖ ጠበቀኝ። አሁን ሣር፣ የመብራት ምሰሶና ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው። ያምራል፤ አልዋሽም። እትዬ ለተነሺዎች ቤት ወደተሰጠበት፣ ከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሄዱ ሲባል ሰማሁ። ደብተሩ ላይ 180 ብር አለብኝ።

እናም እዚህ መድረክ ላይ ጠየቅሁ። ካዛንቺስ አካባቢ ከ150 ብር በታች ምሳ የሚገኝበት ቤት የምታውቁ ንገሩኝ አልኩ። በዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ነገር ያመጣችው እሷ ናት። ሰፈሩ አምሯል፣ ግን ለእኛ ዓይነቱ ሰው ምግብ የሚሠራ አልቀረበትም ብዬ ጻፍኩ። በሁለት ቀን ከ40 በላይ መልስ መጣ። አድሚኑ የተወሰነውን አጥፍቶታል። ዘግይተው የገቡ ሰዎችም ምን ተባለ እያሉ በውስጥ ይጠይቁኛል። ስለዚህ የሆነውን በራሴ አባባል ልንገራችሁ።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ለሠራተኛ ምግብ የሚሸጥ ቤት እንዳለ ጠቆመኝ፤ 180 ብር ነው፣ ይጠግባሉም አለኝ። 2ኛው ወዲያው አረመው። ቤቱ ኪራይ ተጨምሮበት ካለፈው ወር ጀምሮ ዝግ ነው። 3ኛዋ ምሳ ዕቃ መያዝ እንደሚበጅ መከረችኝ። ምክሩ ጥሩ ነው። እኛ ቢሮ ያለው ማይክሮዌቭ ግን አንድ ነው፣ ሰልፉ የታክሲ ሰልፍ ይመስላል።

ጨዋታውን የቀየረው 4ኛው ነው። ኢንጂነር ነኝ ይላል። በሌላ ሰው ድህነት ላይ ትዝታ እያጣጣምክ ነው ሲል ቆጣ አለብኝ። እሱ ራሱ ያደገው በቀበሌ ቤት ነው። አንድ ሽንት ቤት ለ14 አባወራ፣ በክረምት ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ አምቡላንስ የማይገባበት መተላለፊያ። እናቱ ምጥ ሲይዛት በቃሬዛ ነው እስከ አስፋልት ያወጧት። አሁን የተነሱት ሰዎች የየራሳቸው ቧንቧና የየራሳቸው ሽንት ቤት አላቸው። ሚስቱም ዛሬ ከሥራ አምሽታ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ በእግሯ ትመጣለች፤ ድሮ አትሞክረውም ነበር። አንተ ግን ሽሮህ ስለቀረብህ ነው የምታለቅሰው ብሎ ዘጋው።

ሲያናድደኝ ዋለ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ግማሹ እውነት ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ የእትዬን ጓሮ ሽንት ቤት አንድ ጊዜ ገብቼበታለሁ። ሁለተኛ አልሞከርኩትም። እሳቸው ግን በየቀኑ ነበር የሚገቡበት።

5ኛውና 6ኛው ከኢንጂነሩ ጋር ተስማሙ፤ አንዱ በትህትና፣ አንዱ በስድብ። 7ኛው ምንም አልጻፈም፣ የብስክሌት መንገዱን ፎቶ ለጥፎ ሄደ።

8ኛው መላሽ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ካዛንቺስ ተወልደው እዚያው ያደጉ። መጀመሪያ እኔን አረሙኝ። እኔ ካዛንቺስን ከጥንት ጀምሮ የድሃ ሰፈር አስመስዬ ጽፌ ነበር። እሳቸው እንደሚሉት ስሙ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ካዜ ኢንቺስ ከሚለው። ኢንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም ምህጻረ ቃል ነው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ፣ ለቅኝ ገዢው ቢሮ ሠራተኞች ተብሎ የተሠራ ሰፈር ነበር። ድሃው የገባው ቆይቶ ነው። ከዚያ ወደ ራሳቸው ታሪክ ገቡ። እናታቸው የተከራዩት ቤት በ1967 ሲወረስ ኪራዩ በግማሽ ተቀነሰ። ቤቱ እስከፈረሰበት ቀን ድረስ በወር የሚከፍሉት 7 ብር ነበር። አዲስ አበባ መሐል፣ 7 ብር። እኔ በዚያ ብር አንድ ሲኒ የጀበና ቡና አላገኝም።

9ኛው በአክብሮት አንድ ነገር ጨመረላቸው። 8ኛው የተወረሱት ቤቶች በሙሉ ለቀበሌ እንደተሰጡ አድርገው ጽፈው ነበር። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ግን ለሁለት ነው የከፈላቸው። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ይህ ሰው ሕግ የተማረ ይመስለኛል፤ አጻጻፉ ያስታውቃል። ቤቶቹ ለምን እንደዚያ እንደረገፉ ያስረዳበት መንገድ ደግሞ ገባኝ። በ7 ብር ኪራይ ቀበሌ አንድ ቆርቆሮ አይቀይርም። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ፈቃድ ይጠየቃል፣ ቤቱም የእሱ አይደለም። ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው ቆየ። ድሃውን መሐል ከተማ ያቆየው ያ ርካሽ ኪራይ ነው፤ ቤቱን ያበሰበሰውም እሱው።

10ኛው ለምን ይህን ሁሉ ታሪክ ትደረድራላችሁ፣ ልጁ የጠየቀው ምሳ ነው አለ። ሃቁን ነው።

11ኛው ግን አልሰማውም። ይሄኛው የፒያሳ ልጅ ነው፣ ዶሮ ማነቂያ ያደገ። የእነሱ ሰፈር የፈረሰው ከእኛ ቀድሞ፣ በ2016 ነው፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ። ሰው ከፒያሳ ሲነሳ ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ አስታወሰን። ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ነው አንስቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው የወሰደው። አራዳን ለነጭ አስቀርቶ ያገሬውን ሰው ከነገበያው ሊያርቅ ነበር ሐሳቡ። ከዚያ በፊትስ? የሰፈሮቹን ስም እዩ ይላል። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር። መኳንንቱ ግቢያቸውን ሲተክሉ ወታደሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ አንጥረኛው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ዙሪያውን ጎጆ ቀለሱ። የመኳንንቱ አጥርና የአሽከሩ ግድግዳ ተያይዘው ነው ከተማዋ ያደገችው። ሀብታምና ድሃ ለየብቻ ሰፈር የያዙባት ከተማ አልነበረችም።

ከመጡት መልሶች ሁሉ ለእኔ ምርጡ ይሄ ነው። እኔ በሽሮ ልናገር የሞከርኩትን እሱ በራስ ብሩ ተናገረው።

12ኛዋ በልብ ምልክት አለፈች። 13ኛው ግን ዱላውን ይዞ መጣ። ታዲያ አሽከርነቱ ነው የናፈቃችሁ ወይ፣ የጌታ አጥር ተደግፎ ማደር ክብር ሆነ እንዴ ሲል 11ኛውን ወረደበት። 14ኛው መልስ የራሱ የ11ኛው ነው፤ አሽከርነት አልናፈቀኝም፣ የናፈቀኝ ለሥራ በእግር መድረስ ነው አለ። 13ኛው ሳቀበት። የሳቅ ምልክቱን ስድስት ጊዜ ደርድሮ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ለጥቂት ጊዜ ከመስመር ወጣ። 15ኛው የካዛንቺስ ሥጋ ቤቶችን አነሳ። 16ኛዋ ሽሮ በቅቤ ካልሆነ ሽሮ አይባልም አለች። 17ኛው የጾም ሽሮ ነው እውነተኛው ብሎ ተቆጣ። እስከ 20ኛው ድረስ ስለ ሚጥንና ነጭ ሽሮ ክርክር ነበር። እኔም ገብቼበታለሁ፣ አልደብቅም። በነገራችን ላይ ሚጥን ይበልጣል።

21ኛዋ ስትጽፍ ሁሉም ዝም አለ። አዲሱ የኮሪደር መንገድ ላይ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ናት። ድሮ የምትኖረው እዚያው ካዛንቺስ፣ ከአንዲት የቀበሌ ቤት ተከራይ ጓሮ በተቀጠለች ክፍል ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሲነሳ የቀበሌ ኪራይ ደብተር ያላቸው ሴትዮ ምትክ ቤት አገኙ። እሷ ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም። የተከራይ ተከራይ ናታ። ፍራሿንና አንድ ሻንጣዋን ይዛ አቃቂ ገባች። አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ሦስት ታክሲ ትይዛለች፤ አንዱ ቢዘገይ ሥራ አስኪያጁ ከደመወዟ ይቆርጣል። በሳምንት ለታክሲ የምታወጣውን ከአንድ ጠረጴዛ ሂሳብ ጋር አነጻጽራ ነበር። ለሁለት ሰው ቁርስ ከነጁሱ፣ ከነቫቱ፣ ከነሰርቪስ ቻርጁ ከእሷ የስድስት ቀን ታክሲ ይበልጣል። ምሬት አልነበረበትም። ዝም ብላ ነው የደመረችው። መጨረሻ ላይ ከ4ኛው ጋር እንደምትስማማ ጻፈች፤ መብራቱ ጥሩ ነው፣ ማታ ስትወጣ አትፈራም።

22ኛው በባቡር አትሄድም ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀና ሰው ነው፣ ግን ባቡር ከተሳፈረ ቆይቷል መሰለኝ። 23ኛው አስረዳው። ቀላል ባቡሩ በ2008 መስከረም ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መስመር ተደምሮ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ የተገዙትም 41 ባቡሮች ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ከርመዋል። የሚመጣው ባቡር ደግሞ ቃሊቲ ላይ ሞልቶ ነው የሚነሳው። የቃሊቲው መስመርም በካዛንቺስ አያልፍም።

24ኛው የሕንፃ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ነው። ንግግሩ ኮስተር ያለ ነው፤ የተሰደበ ሰው ንግግር። ሁላችሁም ስለ ድሃ ታወራላችሁ፣ ስለ እኛ ማን ያወራል ይላል። መሬቱን በሊዝ ጨረታ ነው የወሰደው፤ ለንግድ 60 ዓመት። ግማሹ በባንክ ብድር የተሠራ ነው። በ2016 ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ ሊፍቱና መስታወቱ ገና አልገባም ነበር። ዶላሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 አለፈ። በዚህ ሂሳብ ምድር ቤቱን ለሽሮ ቤት ማከራየት እንደማይችል ጻፈ። ከዚያ በማይጠበቅ ቅንነት አንድ ነገር ተናገረ። አምስት ፎቁ ዓመት ሙሉ ባዶ ነው።

25ኛዋ ታዲያ ለምን ኪራይ አይቀንስም ብላ ጠየቀች። እሱ በ26ኛው ተመለሰ። የባንክ ቅርንጫፍ እየጠበቀ ነው። ባንክ ከመጣ የብዙ ዓመት ኪራይ በአንዴ ይከፍላል። ለትንሽ ነጋዴ ከፋፍሎ ካከራየ በኋላ ባንክ ቢመጣ ማስወጣት ጣጣ ነው። 27ኛው በዚህ ሳቀና ከኡራኤል እስከ ቢሮው ያለውን ሲቆጥር ያየውን ነገረን። ባንክ፣ ካፌ፣ ባንክ፣ ፋርማሲ፣ ካፌ፣ ባንክ። ማኪያቶ ጠጥቶ ገንዘብ ማውጣት ይቻላል። እንጀራ መግዛት አይቻልም።

28ኛው የአድሚኑ ማስጠንቀቂያ ነው። 29ኛውና 30ኛው ጠፍተዋል። ያነበባችሁ አንብባችኋል፣ ያላነበባችሁ አልቀረባችሁም። 31ኛዋ ከውጭ አገር ሆና አፓርታማ በካሬ ስንት እንደገባ ጠየቀች። ከዚያ እስከ 34ኛው ሦስት ደላላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተሰለፈላት። ስልክ ቁጥራቸውን አድሚኑ አጠፋው።

35ኛው በጣም የመረረው ሰው ነው፤ እኔም ምን እንደምለው አላውቅም። በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ከቤተሰቡ ጉሮሮ እየነጠቀ ቆጥቧል። በ2014 ሐምሌ ዕጣ ወጣ ሲባል ደስ ብሎት ነበር። ያ ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። በ2015 እንደገና ሲወጣ የእሱ ስም የለም። አሁንም የሰው ቤት ተከራይ ነው። ስለዚህ የልማት ተነሺ ሲያይ አያዝንም፣ ይቀናል። እኔንም አፍርሱኝና ቤት ስጡኝ ብሎ ነው የጨረሰው። ይህን መልስ ያጨበጨበለት ብዙ ነው። ድሃ ከድሃ ሲቀናና ሲጣላ ባለ አምስት ባዶ ፎቁ ሰው ዳር ቆሞ ያያል። ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ማንም አላለውም።

36ኛዋ መለሱለት። ገላን ጉራ የሚኖሩ፣ ከካዛንቺስ የተነሱ እናት ናቸው፤ የሚጽፍላቸው ልጃቸው ነው። መጀመሪያ ተቆጡ። ቤት ተሰጠን እንጂ ዕጣ አልወጣልንም፣ የቀናህበትን ብታውቀው አትቀናም አሉት። ከዚያ ረጋ ብለው አወሩ። ሰዉ ከነጎረቤቱ ነው የሄደው። እድሩም አብሮ ሄዷል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሳይቀር። ለቅሶ ላይ የሚቀመጠው ያው የካዛንቺስ ሰው ነው። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፣ ቆጣሪው የራሳቸው ነው፣ ምጣዱም ኤሌክትሪክ ነው፤ ዓይናቸው ከጭስ አርፏል። የቀረው ደንበኛ ነው። ካዛንቺስ በቀን 60 እንጀራ ጋግረው እስከ ስድስት ሰዓት ያልቅ ነበር። አሁን 15 ሲጋግሩ ያድራል። ምክንያቱም ጎረቤታቸውም እንጀራ ጋጋሪ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም። ሁሉም ጋጋሪ ሆኖ ገዢው የት አለ? ጠዋት ጠዋት አምስት ሴቶች አንድ ዓይነት ሰፌድ ይዘው ደጅ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ይተያያሉ።

እኔ ይህን ሳነብ ቢሮ ነበርኩ። በመስኮት ያ የሣር ሜዳ ይታያል።

37ኛው መልስ የ4ኛው የኢንጂነሩ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ዓይነቱ አይደለም። ሂሳብ ግን ሠራ። ከገላን ጉራ እዚህ ድረስ 100 እንጀራ በአንድ መኪና ቢመጣ ለአንዱ የሚደርሰው ትራንስፖርት ስንት እንደሆነ ቀምሮ አስቀመጠ። የእሱ ቢሮ ብቻ በቀን 40 ይወስዳል አለ። 38ኛዋ አስተናጋጇ ናት። ከአቃቂ ስትመጣ ጠዋት ተቀብላ ጥቂት ልትይዝ እንደምትችል ጻፈች። ችግሩ ወያላው ነው። ሰፌድ ከያዘች ለሰፌዱም የሰው ሂሳብ ያስከፍላታል። 39ኛው እንጀራውን በፌስታል ጠቅልላ በቦርሳ እንድትይዘው መከራት። 40ኛዋ እንጀራ በፌስታል ያልበዋል ብላ ተቃወመች። እንደገና የሽሮው ክርክር ሊጀመር ነበር።

41ኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? 13ኛው፣ ያ ስድስት ጊዜ የሳቀው። እንጀራው የጤፍ ነው ወይስ ቅልቅል ብሎ ጠየቀና ለእሱ አምስት እንዲመዘገብለት አዘዘ።

42ኛው ትናንት ማታ ነው የገባው። የገላን ጉራ ወጣት ነው። ከእነሱ ቤት ሁለት በር አልፎ አንዲት እናት ለግንባታ ሠራተኞች ምሳ መሸጥ ጀምረዋል፤ ሽሮና ምስር፣ ዱቤም ይሰጣሉ። ስማቸውን አልጻፈም። ቢጽፈውም እኔ አላውቀውም፤ እትዬ ነው የምላቸው። ግድግዳው ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ሚስማር ላይ ይንጠለጠል እንደሆነ ጠየቅሁት። እስካሁን አልመለሰም።